በጨውና በበርበሬ የተጠበቀው ካሴት

ሞሂኑር ካሴቱን ከትልቁ ሣጥን ሥር መዝዛ ስታወጣ አያቷ ሆሲያት የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትኩሱ እያቃጠላት እንኳ አላስቀመጠችውም።

«አገኘሁት! አያቴ፣ ይኸው! የእማማና የአባባ ሠርግ!»

«መልሺው።»

«ምን አሉ?»

«መልሺው ልጄ፤ አቧራ ነው፣ ሳል ያሲዝሻል። የምታስል ሙሽራ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ምን ይለናል?»

ሠርጉ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሞሂኑር ወደ ናማንጋን ልትዳር ነው። ከሚኖሩበት ከማርጊላን ከተማ ናማንጋን ለሌላው ሰው ጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚመለስበት መንገድ ነው፤ ለሆሲያት ግን የዓለም ጫፍ ነው። የዚያ አገር ውሃ ለሆድ ይስማማ እንደሆነ አታውቅም። የሚያገባት ልጅ እናት ድምፀ ወፍራም ናት ብለዋታል። ይህ ሁሉ ጭንቀት አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ካሴት መጣባት።

«ገበያ ውስጥ ቶሊብ የሚባል ሰውዬ አለ» አለች ሞሂኑር፣ በካርቶኑ ላይ ያለውን አቧራ እፍ እያለች። «የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። የሴቶቹ ግብዣ ዕለት በትልቁ ቴሌቪዥን እናየዋለን። ቶጂኾን አያቴም ትመጣለች። በቃ፣ የእግሩ ነገር ያኔ ይለይለታል!»

ሆሲያት የፈራችውም ይህንኑ ነው፤ የእግሩን ነገር።

ሙሽራውና ሙሽሪት ለሠርግ ከሚዘረጋው መጋረጃ ጀርባ ገብተው ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ቀድሞ የሌላውን እግር የረገጠ ቤቱን ይገዛል ይባላል። ጨዋታ ነው። ጨዋታ ነው የሚሉት ግን ብዙውን ጊዜ የተረገጡት ናቸው። የሆሲያት ልጅ ኤርኪን ሳኖባርን ሲያገባ ማን ቀድሞ እንደረገጠ ሁለቱ ወገኖች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ሞሂኑር ገና ስትድህ፣ በአንድ የበዓል ማዕድ ላይ የሳኖባር እናት ቶጂኾን «የረገጠችው የእኔ ልጅ ናት፤ አታዩም እንዴ አማቼ እንዴት እንደሚታዘዛት» ብላ ተኩራራች። ሆሲያት ደሟ ፈላ። ከማዕዱ ላይ ክቡን ዳቦ አንስታ ግንባሯን አስነካችና «ይህ ዳቦ ይፍረድብኝ፣ ኤርኪን ቀድሞ ሲረግጣት በእነዚህ በሁለት ዓይኖቼ አይቻለሁ!» ብላ ማለች። ዳቦ ተይዞ ከተማለ በኋላ ማን ይናገራል?

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከዚያን ዕለት ወዲህ ያ መሐላ የሆሲያት ምርኩዝ ሆነ። ሳኖባር የሩዙን ጨው ስትቀንስ፣ የቤቱን መጋረጃ ቀለም ስትለውጥ፣ የሆሲያትን የክረምት ፎጣ ሳትጠይቅ ወለል መወልወያ ስታደርገው፣ «ግድ የለም፤ የረገጠው ልጄ ነው» ትላለች። ሳኖባር ፈገግ ብላ የፈለገችውን ታደርጋለች።

ግን ምን ነበር ያየችው? የልጇን ጥቁር ጫማ ከመሬት ሲነሳ አይታለች። እሱ እውነት ነው። ከዚያ የአንዲት ሴት ሻሽ ፊቷ ላይ ተደነቀረ፤ «ዎይ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ በዚያው ግፊያ መሐል አንድ ሰው የእግሯን አውራ ጣት ጨፈለቀው። ጎረቤቷ ሪሶላት ናት ብላ ነው ያሰበችው፤ ሪሶላት ሰውነቷ ከባድ ነው። እንግዲህ ያየችው ይህን ነው። የራሷ አያት ደግሞ በልጅነቷ ትነግራት ነበር፤ በሐሰት የተማለበት ዳቦ የማለውን ይተውና በልጅ ልጁ ላይ ይወርዳል እያለች። የልጅ ልጇ ይኸው ካሴት ይዛ እየሳቀች ነው፤ ሳምንት ሙሽራ ናት።

«ስጪኝ፣ እኔ ልያዘው» አለች ሆሲያት። «ትጥዪዋለሽ።»

ቶሊብ በገበያው ጥግ የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ወፍራም ሰው ነው። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሳይሆን ግንባሩ ላይ ነው የሚያደርገው። ከጀርባው በአንሶላ የተሸፈኑ አሮጌ የካሴት ማጫወቻዎች ተደርድረዋል። ካሴቱን ተቀበለ፣ ጆሮው ሥር ነቀነቀው፤ ሸክሸክ አለ። ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ ጠረጴዛው ላይ ጨው ፈሰሰ። ቀጥሎ ደረቅ በርበሬ። ቀጥሎ የሰው ዓይን እንዳይበላ የሚጤሰው የኢሲሪቅ ፍሬ።

መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ።

«እማማ፣ ይሄ ካሴት ነው ወይስ ወጥ?»

«ለሰው ዓይን ነው» አለች ሆሲያት አንገቷን ደፍታ። «ከሠርጉ ማግሥት በቀዳዳው ጨመርኩበት። አዲስ ሙሽሮች ነበሩ። ሰው ክፉ ነው።»

«የሰው ዓይንማ አልነካውም፤ ምስክር ነኝ። የነካው ጨዉ ነው።» በጣቱ ጫፍ ቆንጠር አድርጎ አሳያቸው። «ጨው ውሃ ይስባል። ይኸው፣ ጥብጣቡ መሐል ላይ እርስ በርሱ ተጣብቋል። እዚህ ጋ ደግሞ ፍሬ ገብቶበታል። ሽንኩርት ብቻ ነው የረሱት።»

ሞሂኑር ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሆሲያት ግን አልሳቀችም። ሁለት ሐሳብ ባንድ ጊዜ መጣባት፤ አንዱ «አልሃምዱሊላህ፣ አይታይም!» የሚል፤ ሁለተኛው «ወይ ጉዴ፣ በገዛ እጄ አጠፋሁት!» የሚል። የትኛው እንደቀደመ ለራሷም አልታወቃት።

በዚህ መሐል የሞሂኑር ስልክ ጮኸ፤ ልብስ ሰፊዋ ነበረች፣ ቀሚሱን መጥተሽ ለኪው የምትል። ልጅቷ አያቷን ጉንጯ ላይ ሳመችና «አያቴ፣ እባክዎ ሰውዬውን አያስጨንቁት» ብላ ሮጠች።

«ቀስ ብለሽ ሂጂ! መኪና አለ! ሞሂኑር! ግራና ቀኝ!»

ቶሊብ ጥብጣቡን ወደ ሌላ ንጹሕ ካሴት አዛወረው፤ ጥራጊውን በብሩሽ አራገፈ፤ ማጫወቻው ውስጥ ከተተው። ሆሲያት ዱዓ ታነበንባለች። ስክሪኑ ላይ ግራጫ መስመር ሮጠ፤ ወዲያው ሙዚቃው ተንጣጣ፤ ሁለት ዳክዬዎች በልብ ቅርጽ ውስጥ ዋኙ። የድሮ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጮች ዳክዬ ይወዱ ነበር።

ከዚያ ሰው መብላት ጀመረ። ያኔ ቀራጩ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ጋ እየቆመ እንግዳውን ሁሉ ሲበላ ያነሳ ነበር፤ የተዘለለ ሰው ዕድሜ ልኩን ያኮርፋል። የፓላው ሩዝ ሳህን፣ አፍ፣ ማንኪያ፤ ደግሞ ሳህን፣ አፍ። ከወዲያኛው ሱቅ ቢላዋ ሻጩ አንገቱን አሰገገ።

«ቆይ፣ ቆይ! ያ አባቴ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ» አለች ሆሲያት። «ሦስት ጊዜ አስጨምሯል።»

«እሱማ አባቴ ነው!» ብሎ ቢላዋ ሻጩ ዓይኑን ጠረገ፤ ሌሎችንም ጠራ። ጨርቅ ሻጯ መጣች፤ ፍሬ ሻጩ ሚዛኑን ትቶ መጣ። ሁሉም የራሱን ሟች ፈልጎ አገኘ፤ ሟቾቹ ሁሉ እየበሉ ነበር፤ ጥጋቡ ያስደስታል።

ድንገት ረጀብ መጣ። የሆሲያት ባል። ነፍሱን ይማረውና፣ ካሜራ ሲያይ እንደ ሌባ የሚደበቅ ሰው ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ምስል ከዚህ ሌላ የለውም። አፉን ሞልቶ ነበር የያዙት። ጉንጩ እንደ ኳስ ተነፍቷል፣ በእጁ ቀራጩን ሂድ ሂድ ይለዋል፣ ግን ዓይኑ ይስቃል።

«አኝከህ ዋጥ» አለችው ሆሲያት ሳታስበው። «ያንቅሃል።»

ማንም አልሳቀባትም።

ጥቂት ቆይቶ ሙሽሮቹ ወደ መጋረጃው ሲሄዱ ማጫወቻው እንደታመመ በግ አቃሰተ። ምስሉ ተንሻፈፈ፤ ቶሊብ ቶሎ አጠፋው።

«ደረስንበት። የተጣበቀው እዚህ ጋ ነው።» ጥብጣቡን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎ። የተበላሸው አጭር ነው፤ መጋረጃው ውስጥ ከገቡበት እንደ ልማዱ አብረው መስተዋት እስካዩበት ብቻ ነው። ቆርጬ ላውጣውና የቀረውን ልቀጥለው። ማንም አያውቅም። ካስገደድኩት ግን ሊበጠስ ይችላል፤ ሲበጠስ ደግሞ ሌላውንም ይዞት ይሄዳል።»

ሆሲያት በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከመጋረጃው እስከ መስተዋቱ። እግሩም፣ መሐላውም፣ ዳቦውም እዚያ ውስጥ ነው። እሺ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ጨዉ በላው ትላለች፤ እውነትም ጨዉ በልቶታል። ሐሰት እንኳ አይደለም! ቶጂኾን ዕድሜ ልኳን ትጠራጠር እንጂ ምን ታመጣለች?

«ማንም አያውቅም አልከኝ?»

«ማንም።»

«አላህስ?»

ቶሊብ መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰ። «እሱን እንግዲህ እኔ አልገለብጠውም።»

ሆሲያት የቆመውን ስክሪን አየች፤ ጥቁር ነው። እዚያ ውስጥ ቅድም ረጀብ አፉን ሞልቶ ነበር። ከመጋረጃው እስከ መስተዋቱ ባለው ውስጥስ ማን ማን አለ? የእሷ እናት በዚያ ሠርግ ላይ ነበረች፤ ከመጋረጃው አጠገብ። የምትቆርጠው እግር ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባት። ደግሞስ ልጅቷን የሚጎዳት የቱ ነው? በሐሰት መማል ወይስ ሐሰቱን በመቀስ መቅበር?

«አትቁረጥ» አለች። «ጣት የምታህል እንዳትቆርጥ።»

«እማማ፣ ይበጠሳል እያልኩዎት!»

«ወዲያ በል። ሙቅ ጨርቅ አምጣልኝ። ስስ ጓንትም ካለህ።»

ሆሲያት ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሐር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። የሐር ትሉ ከሚሠራው ቤት ላይ ከፀጉር የቀጠነውን ክር ጫፉን ፈልጎ፣ ሳይበጠስ መፍታት ነበር ሥራዋ። ትዕግሥት አልነበራትም፤ ጣቶቿ ግን ነበራቸው። ጥብጣቡን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ ድርቡን ከድርብ ለየችው። የኢሲሪቁን ፍሬ በጥፍሯ ጫፍ ነቀለች። እጇ ሲሠራ አፏ አላረፈም፤ «ቢስሚላህ፣ ነይ፣ ነይ የኔ ቆንጆ፣ እንዳትበጠሽ፣ ብትበጠሽ አልምርሽም» ትላለች። ቶሊብ ሻይ ቀድቶ ሰጣት፤ ቀዘቀዘ፤ ሌላ ቀዳ፤ እሱም ቀዘቀዘ።

ሲጨርሱ ማጫወቻው አላቃሰተም። ሆሲያት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አያዩትም?» አላት።

«ሐሙስ በሴቶቹ ግብዣ አየዋለሁ፤ ከሰው ጋር። ብቻዬን አልችልም።»

ሐሙስ ዕለት ቶጂኾን ገና ከግቢው በር ድምጿ ገባ። ልጆቻቸውን ያጋቡ ሰዎች ቁዳ ይባባላሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ቁዳ ሲባባሉ ድንጋይ የሚወራወሩ ይመስላሉ።

«ቁዳ! አለሽ? አልሞትሽም?»

«አንቺን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?»

ተቃቀፉ። ቶጂኾን አንድ ትልቅ ክብ ዳቦ ከከረጢቷ አውጥታ ማዕዱ መሐል፣ ሆሲያት ፊት ለፊት አስቀመጠች።

«ምናልባት መማል ካማረሽ ብዬ ነው» አለች።

ሳኖባር ሻይ እያቀረበች «እናቴ፣ ፊትዎ ነጣ፤ ትራስ ላምጣልዎ?» አለቻት።

«ደህና ነኝ። ትራስ አልፈልግም።»

ሳኖባር ትራሱን አመጣችና ከጀርባዋ አደረገችላት።

ሞሂኑር ፍላሹን ሰካች። ዳክዬዎቹ ዋኙ፣ ሰዉ በላ፣ ረጀብ ሂድ ሂድ አለ፤ ሴቶቹ አለቀሱም ሳቁም። መጋረጃው መጣ። የሆሲያት እናት በነጭ ሻሽ ለአፍታ ታይታ አለፈች፤ ሆሲያት «አየሽ?» አለች ለማንም ሳይሆን። ወዲያው ቀራጩ ካሜራውን ወደ ሙሽሮቹ እግር አወረደው። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነበር።

የኤርኪን ጥቁር ጫማ ተነሳ።

«ይኸው!» አለች ሆሲያት፣ ድምፅዋ ሳይወጣ።

የሳኖባርም ነጭ ጫማ ተነሳ። ነጩ ፈጠነ። ጥቁሩ ገና አየር ላይ ነው፤ ነጩ በቆመው በሌላው የኤርኪን እግር ላይ ሊያርፍ ትንሽ ቀርቶታል። ቶጂኾን ከመቀመጫዋ ተነሳች። ያኔ ከስክሪኑ ጠርዝ ሌላ፣ ሦስተኛ ጫማ ገባ። ቀይ ከፋይ ነው፤ ጎኑ ላይ ቁልፍ አለው። እንደ አይጥ ሾልኮ መሐል ገባና የኤርኪንን እግር ሸፈነ። ነጩ ጫማ ቀዩ ላይ ዷ አለ። «ዎይ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ወዲያው ጥቁሩ ጫማ መጥቶ ነጩ ላይ አረፈ።

«ያ ቀይ ጫማ የማን ነው?» አለች ሞሂኑር።

ጫማውን የሚያውቁት ሁሉ የሆሲያትን እግር አዩ። ሆሲያት ራሷም እግሯን አየችው፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል። ያን ጫማ ታውቀዋለች፤ በእጇ ነው የጠለፈችው። እግሯን መቼ ሰደደችው? አታስታውስም። ልጇን ሊረግጡት ነው ብሎ እግሯ ራሱ አስቦ ራሱ ሄደ። «ዎይ» ያለችውም እሷው ነች።

«ሪሶላት መስላኝ ነበር!» አለች። «ምስኪን፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሳኮርፋት!»

ቶጂኾን መጀመሪያ እንደ ማስነጠስ አደረጋት፤ ከዚያ ትራሱ ላይ ወደቀች። ሳኖባር የሻይ ሳህኑን አስቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«እናቴ! ለካ እኔ የረገጥኩት እርስዎን ነው!»

«ለዛ ነዋ!» አለች ቶጂኾን እንባዋን እየጠረገች። «ለዛ ነዋ የምትገዛሽ፤ ትራሱን አልፈልግም ብለሽ የተደገፍሽው!»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሆሲያት። ሳቁ እሷንም እያነቃት ነው፤ ግን ዳቦው ፊቷ ተቀምጧል። «ሞሂኑር፣ መልሺው። ቀስ አድርገሽ።»

መለሱት። ቀዩ ከሥር፣ ነጩ በላዩ፣ ጥቁሩ ከሁሉ በላይ። ሞሂኑር በጣቷ ስክሪኑን እየነካች እንደ ዳኛ ተናገረች፤ «እማማ አባባን አልረገጠችም፤ የረገጠችው አያቴን ነው። አባባ ግን እማማን ረግጧል። ስለዚህ ከሁለቱ የረገጠው አባባ ነው።»

«መሐላዬ!» አለች ሆሲያት።

ቶጂኾን ስክሪኑን አየች፤ ዳቦውን አየች፤ አንገቷን ነቀነቀች። «መሐላሽ ተረፈ፣ ቁዳ፤ እውነት አውጥቶሻል። አውራ ጣትሽ ግን አልተረፈም።» ዳቦውን አንስታ ቆረሰችና ትልቁን ለሆሲያት ሰጠቻት። «ብዪ። ከሥር ሆነሽ ሁሉንም ተሸክመሻል።»

ሆሲያት በላች። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ዳቦ እንደዚያ ጣፍጧት አያውቅም። በማግሥቱ ሳኖባር የሩዙን ጨው ስትቀንስ ሆሲያት ልማዷ ሆኖ «ግድ የለም፤ የረገጠው…» ብላ ጀመረችና አቋረጠች። ሳኖባር ሳትዞር ትንሽ ጨው ጨመረች።

ፍላሹን ሞሂኑር ለጉዞ ስታዘጋጀው ማንጠልጠያ ክሩ ላይ አንድ ቀይ በርበሬ ታስሮበት አገኘችው።

«አያቴ!»

«ጨው አላደረግኩም» አለች ሆሲያት። «ቶሊብ ከልክሎኛል። በርበሬ ግን ምንም አላለም።»

ሙሽራ አጅበው የሚሄዱ ወጣት ሚስቶች ናቸው፤ አያት አትሄድም። ሆሲያት ግን ናማንጋን ሄደች። መኪናው ውስጥ ማንም ሳያያት ገብታ ተገኘች፤ አውርዱኝ ካላችሁ እጮኻለሁ አለች። መጋረጃው ጋ ሲደረስም ከፊት ሆነች። የልጁ እናት በስተቀኝ ቆማለች፤ እውነትም ድምፀ ወፍራም ናት፤ ጫማዋም ሰፊ ነው።

የሞሂኑር ነጭ ጫማ ከቀሚሱ ሥር ብቅ አለ። የሆሲያት እግር በረደው፣ ሞቀው፣ አሳከከው። እግር ሊሄድ ሲል እንደዚያ እንደሚያደርገው አሁን ታውቃለች። ከሰው ሁሉ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ሁለቱንም እግሮቿን አጥፋ ተቀመጠችባቸው።

በዚያው ቅጽበት በስተቀኝ ያለው ሰፊ ጫማ ቀስ ብሎ፣ ሾለክ እያለ ወደ ፊት ሲሄድ አየች። ሆሲያት የሴትዮዋን ቀሚስ ጫፍ ያዘችና ጎተተች።

«ቁዳ» አለቻት በሹክሹክታ፣ «እግርሽን ሰብስቢ።»

«ምን አልሽ?» አለች ያቺ በወፍራም ድምጿ፣ ደንግጣ።

«ሰብስቢ፤ ከሥር የምንሆነው እኛው ነን። ነይ ቁጭ በይ አጠገቤ፤ ነገሩን እነግርሻለሁ።»

ሴትዮዋ አየቻት፤ እግሯን አየች፤ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ በዚያ ድምጿ እንደ ከበሮ ሳቀችና አጠገቧ ቁጭ አለች። ጉልበት ለጉልበት ተነካኩ።

ከላያቸው እልልታው ፈነዳ። አንዱ ረግጧል፤ አንዱ ተረግጧል።

«ማን ነው?» አለች የልጁ እናት አንገቷን እየሰገገች። «አየሽ?»

«እኔ?» አለች ሆሲያት። ዓይኖቿን ግጥም አድርጋ ጨፍናለች። «እኔ ምንም አላየሁም። ዳቦ ብታመጪም አልምልልሽም።»